የልጅ ልደት በቤት ውስጥ፦ ከኬኩ ሰዓት ተነሥቶ ማዘጋጀት

«የልጄን ልደት ቤት ላከብር ነው፣ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ዲኮሩና የምግቡ ዓይነት ነው። ልደትን የሚያበላሸው ግን በአብዛኛው ሰዓት ነው። ጥሪው ለ8 ሰዓት ይሆንና አክስት እስክትመጣ፣ አባት እስኪገባ፣ ፎቶ አንሺው እስኪደርስ እየተባለ ኬኩ 12 ሰዓት ላይ ይቆረሳል። ያኔ ባለልደቱ እንቅልፉ መጥቶ ይነጫነጫል፤ ከተጠሩት ልጆች ግማሾቹም ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የሚነሣው ኬኩ ከሚቆረስበት ሰዓት ነው። ምግቡም፣ ጨዋታውም፣ ጥሪውም ከእሱ አንጻር ይደለደላል።

መመሪያው ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሚሞላው ልጅ፣ ለ15 ያህል ልጆች፣ በኮንዶሚኒየም ወይም ጠበብ ባለ ግቢ ውስጥ ለሚደረግ ዝግጅት ነው። ለትንንሾቹና ለትልልቆቹ የሚለወጠውን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ15 ልጆችና ለ7 አዋቂዎች)

- ኬክ 3 ኪሎ። ከአንድ ኪሎ ከ8 እስከ 10 ቁራጭ ስለሚወጣ ለሁሉም ደርሶ ትንሽ ይተርፋል።
- ሻማ፣ ክብሪት፣ ረጅም ቢላዋ። ሦስቱን በአንድ ፌስታል አስራችሁ ኬኩ ከሚቀመጥበት አጠገብ አድርጉ። ክብሪት ፍለጋ የዘገየ ልደት ብዙ ነው።
- የምስር ሳምቡሳ 45 ያህል። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ምስር ለ40 ገደማ ይበቃል።
- ፓስታ ወይም መኮሮኒ 1 ኪሎ ተኩል፣ የቲማቲም ስጎ።
- አንድ መካከለኛ ድፎ ዳቦ።
- ፈንዲሻ ግማሽ ኪሎ። ሲፈነዳ 15 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ለመላው ቤት ይበቃል። የዕድሜውን ጥንቃቄ ከታች ተመልከቱ።
- ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ማንጎ፣ በድምሩ 4 ኪሎ።
- ባለ 2 ሊትር ውሃ 6፣ ባለ 2 ሊትር ለስላሳ 3። ከአንዱ ጠርሙስ 10 የወረቀት ኩባያ ይቀዳል።
- የወረቀት ሳህንና ኩባያ፣ ከእንግዳው ቁጥር እጥፍ። ልጅ ኩባያውን ያስቀመጠበትን አያስታውስም።
- ፊኛ 30፣ የፊኛ ፓምፕ፣ ክር፣ ስኮች።
- ባለቀለም እርሳስ፣ ቀጭን ካርቶን፣ ስቴፕለር፣ ስቲከር።
- ቻርጅ የሚደረግ ስፒከርና ፓወር ባንክ።
- ውሃ የተሞላ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ መወልወያ፣ ትልልቅ የቆሻሻ ፌስታል።
- የቁስል ፕላስተርና ፋሻ።
- የየልጁ ስምና የወላጁ ስልክ የተጻፈበት አንድ ወረቀት።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ (ከሦስት ሳምንት በፊት)

ልጁ የተወለደበት ቀን በሥራ ቀን ከዋለ ቀጥሎ ወዳለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ውሰዱት። በዕለቱ ጠዋት ቤተሰቡ ብቻ «እንኳን ተወለድክ» ብሎ ዳቦ ቢቆርስለት ልጁ ቀኑ ያለፈበት አይመስለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፤ እሑድ ማታ ቤቱን አጽድቶ ሰኞ ልጅን በጠዋት ለትምህርት ቤት ማሰናዳት ከባድ ነው።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ጾም፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ዝናብ። ጾሙ የሚበላውን ይለውጣል። ለምሳሌ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ቅዳሜና እሑድም የፍስክ ምግብ ስለማይበላ «ቅዳሜ ነው፣ ችግር የለም» ማለት አያዋጣም። ዝናቡ ደግሞ ቦታውን ይለውጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ግቢ ውስጥ አደርጋለሁ ብላችሁ አታቅዱ፤ የክረምት ዝናብ የሚወደው ከሰዓት በኋላን ነው።

ደረጃ 2፦ የኬኩን ሰዓት ወስኑ

እኔ የምመክረው ዝግጅቱ ከቀኑ 8፡00 እስከ 10፡30፣ ኬኩ 9፡15 ላይ እንዲሆን ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ምሳ በልቶ፣ ትንሽ አርፎ ሲመጣ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ደስ ብሎት ይጫወታል። ከዚያ በኋላ መጣላት፣ መውደቅና ማልቀስ ይበዛል። ኬኩ መሐል ላይ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው። አንድ ሰዓት ያረፈደ እንግዳም ይደርስበታል፤ ልጁን ቀደም ብሎ የሚወስድ ወላጅም ሳይቆረስ አይሄድም።

ከዚህ በኋላ ሰዓቱ አይነካም። በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ጠብቁኝ» የሚል ዘመድ መኖሩ አይቀርም። ለእሱ ቁራጭ ይቀመጥለታል እንጂ 15 ልጅ አይጠብቀውም። ይህን ቀድማችሁ ለባለቤታችሁና ለአያቶች ንገሯቸው፤ በዕለቱ ፊት ለፊት መከራከር ያስቀይማል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ወስኑ

ልጁ እነማን እንዲመጡለት እንደሚፈልግ ጠይቁትና ስም እንዲጠራላችሁ አድርጉ። አምስት ወይም ስድስት ስም ቢጠራ ነው፤ የቀረው የዘመድና የጎረቤት ልጅ ነው። ቤታችሁ 15 ልጅ ካልያዘ 8 ጥሩ። ለልጁ ከብዛቱ ይልቅ የሚወዳቸው መምጣታቸው ይበልጥበታል።

በቁጥሩ ላይ ሁልጊዜ 5 ጨምሩ። አንደኛ፣ የተጠራ ልጅ ታናሹን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ፊኛና ሙዚቃ የሰሙ የግቢው ልጆች በር ላይ መቆማቸው አይቀርም። በሩን መዝጋት አይቻልም፤ ቢቻልም ነገ አብረውት የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። ተጨማሪ 5 ሳህን፣ 5 ዘውድና 5 የመሸኛ ከረጢት ካላችሁ ማንም ሳያፍር ይገባሉ።

ለየ5 ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ይህ አዋቂ ተጋባዥ ሆኖ ቁጭ የሚል አይደለም፤ ሥራ የተሰጠው ነው። አንዱ ጨዋታ ይመራል፣ አንዱ ምግብ ያቀርባል፣ አንዱ በሩንና ደረጃውን ይጠብቃል። ለጨዋታው የሚመረጠው የ15 ወይም የ16 ዓመት የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ነው፤ ከእናት በተሻለ ይሰሙታል።

ደረጃ 4፦ ጥሪውን ላኩ (ከ10 ቀን በፊት)

የታተመ ካርድ ካማራችሁ አሳትሙ፤ በቴሌግራም የሚላክ አጭር ጽሑፍ ግን ይበቃል። ዋናው ነገር አራት መረጃ መያዙ ነው፦ የሚያልቅበት ሰዓት፣ የኬኩ ሰዓት፣ ወላጅ ይቆይ ወይስ ልጁን አድርሶ ይሂድ፣ ልጁ የማይስማማው ምግብ ካለ እንዲነገራችሁ። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦

«የልጃችንን 6ኛ ዓመት ልደት ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 እስከ 10፡30 ቤታችን እናከብራለን። ኬክ የሚቆረሰው ልክ 9፡15 ነው። ልጃችሁን አድርሳችሁ መሄድም፣ ከእኛ ጋር ቡና እየጠጣችሁ መቆየትም ትችላላችሁ። ምግቡ ጾም ነው። የማይስማማው ምግብ ካለ እስከ ረቡዕ አሳውቁን።»

ከዕለቱ ስም ጋር ቀኑን ስትጽፉ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ትምህርት ቤቱ በፈረንጅ፣ ቤተሰቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስብበት ቤት ብዙ ስለሆነ «በ12» የሚል መልእክት ሁለት የተለያየ ቀን ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ለምትኖሩ ደግሞ ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በአበሻ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ፣ ለይታችሁ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ምግቡን ወስኑ

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ገንዘብና ጉልበት ያባክናል። ምክሬ አጭር ነው፦ ጾም ይሁን ፍስክ፣ የልጆቹን ማዕድ ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጉት። ምክንያቱ የጾሙ ወቅት ብቻ አይደለም። ከተጠሩት መካከል የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች ካሉ ሥጋው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ሁለት ዓይነት ሥጋ ገዝቶ፣ ሁለት ድስት ለይቶ፣ የትኛው ሳህን የማን እንደሆነ ለ6 ዓመት ልጅ ማስረዳት ያደክማል። የምስር ሳምቡሳ፣ በዘይት የተሠራ የቲማቲም ስጎ ያለው ፓስታ፣ ድንች ጥብስ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ግን ሁሉም ያለ ጥያቄ ይበላዋል። ወተትና እንቁላል የማይስማማው ልጅም አብሮ ይበላል።

ጾም ስትሉ በትክክል ጾም ይሁን። ሥጋ ወይም እንቁላል በተጠበሰበት ዘይት ሳምቡሳ አትጥበሱ፤ ስጎው ውስጥ ቅቤ አታድርጉ፤ ዳቦው ላይ ወተት ወይም ቅቤ አትቀቡ። እንደ ጄሊ ያሉ ለስላሳ ከረሜላዎች ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን ሊኖራቸው ስለሚችል ማሸጊያውን አንብቡ፤ ካልተጻፈበት ተዉት።

በርበሬና ሚጥሚጣ በልጆቹ ምግብ ውስጥ አይግባ። ለአዋቂዎቹ በትንሽ ሳህን ለብቻው አቅርቡ።

የልጆች ምግብ በእጅ የሚያዝ ሲሆን ይመረጣል። ፓስታ ከሆነ አጠር ያለው መኮሮኒ ይሻላል፤ ረጅሙ ስፓጌቲ ልብስና ምንጣፍ ላይ ይቀራል። ሳምቡሳው ትንንሽ ይሁን። ልጅ ትልቁን ግማሹን ብቻ ነክሶ ሶፋ ሥር ይተወዋል።

ለስላሳውን ከምግቡ በፊት አታቅርቡ። ሆዱ በጋዝ የተሞላ ልጅ ምግቡን አይነካም፤ በኋላ ኬክ ላይ ይጨምርበትና ያስመልሰዋል። እስከ ምግቡ ድረስ ውሃ፣ ከኬኩ ጋር ለስላሳ።

ደረጃ 6፦ ኬኩን እዘዙ (ከአንድ ሳምንት በፊት)

ኬክ ቤት ሄዳችሁ ቀብድ ስትከፍሉ የሚከተሉትን በደረሰኙ ላይ አስጽፉ፦ ኪሎው፣ ጾም ወይም ፍስክ፣ የምትወስዱበት ሰዓት፣ በላዩ የሚጻፈው ስም። ስሙን በቃል አትናገሩ፤ በወረቀት ወይም በስልክ መልእክት ጽፋችሁ ስጡ። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» በድምፅ አይለዩም። ያላችሁት በስልክ ከሆነ ደግሞ «ብሩክ» «ቢሩክ» ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

በሞቃት ወቅት፣ ወይም ፍሪጃችሁ ለኬኩ የማይበቃ ከሆነ ክሬም የሌለበትን ምረጡ። ክሬም ያለበት ኬክ ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የጾሙም ቢሆን ያው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ለሆድ ሕመም መንገድ ይከፍታል። ዕለቱን 6 ሰዓት አካባቢ ውሰዱት። መኪና ውስጥ ጭን ላይ አይያዝ፤ ወለሉ ላይ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ ይቀመጥ።

ስትረከቡ ክዳኑን ከፍታችሁ ስሙንና ቁጥሩን እዩ። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ የሚታይ ስሕተት አይታረምም።

ደረጃ 7፦ ቤቱን አሰናዱ (ዋዜማውና ጠዋቱ)

ሳሎኑን ባዶ አድርጉት። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠጉ፤ የሚሰበረውን፣ ጀበናውንና ስኒውን መኝታ ቤት አስገቡ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ዘርጉ። ለ15 ልጅ ከእድር ወንበር መከራየት አያስፈልግም፤ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ቢበላ ይደላዋል፣ እናንተም የመጫወቻ ቦታ ታገኛላችሁ። ለአዋቂዎቹ ጥግ ላይ 6 ወይም 7 ወንበር ይበቃል።

ዲኮሩን በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ሥሩ። ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው፤ ሌላውን ግድግዳ የሚያይ የለም። ከ15 ፊኛ የተሠራ አንድ ጥግና ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ከበቂ በላይ ነው። የቀሩት 15 ፊኛዎች ለጨዋታ ይሁኑ። ፊኛውን ዋዜማ ማታ ሳይሆን ጠዋት ንፉት፤ እስኪነጋ ይኮሰምናል።

መብራትና ውሃ ሊጠፋ እንደሚችል አስቡና ተዘጋጁ። ስፒከሩና ስልኩ ዋዜማውን ቻርጅ ይደረግ። ምግቡ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ከሆነ እስከ 6 ሰዓት ይለቅ። ፈንዲሻው 7 ሰዓት ላይ ቢፈነዳ ቢቀዘቅዝም ይበላል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሙሉ ጀሪካን ከነጣሳው አስቀምጡ።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ላሉት ጎረቤቶች ከዋዜማው «ነገ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ትንሽ እንረብሻችኋለን» በሏቸው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ጫጫታውን ይታገሣል። በማግስቱም ቁራጭ ኬክ ላኩላቸው።

ደረጃ 8፦ ጨዋታውን በቅደም ተከተል ጻፉ

«ልጆች ናቸው፣ ራሳቸው ይጫወታሉ» የሚለው እውነት የሚሆነው ሰፊ ሜዳ ሲኖር ነው። 15 ልጅ በአንድ ሳሎን ውስጥ የሚያደርገው ካጣ ሶፋ ላይ ይዘላል። ጨዋታዎቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለመሪው ስጡት። አንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል።

*መጀመሪያ፦ ዘውድ መሥራት።* ልጆች የሚመጡት ተራ በተራ ነው፤ ቀድሞ የመጣው የሚያውቀው ሰው ስለሌለ እናቱ ቀሚስ ሥር ይሸጎጣል። ካርቶኑን ቀድማችሁ በዘውድ ቅርጽ ቁረጡት፤ ልጁ ቀለም ይቀባዋል፣ ስቲከር ይለጥፍበታል፣ ስሙን ይጽፋል፣ እናንተ በስቴፕለር ትገጥሙለታላችሁ። የስቴፕለሩ ሹል ጫፍ ወደ ውጪ ይሁን፤ በላዩም ስኮች ለጥፉበት። የልጆቹን ስም የማያውቀው ጨዋታ መሪም ስማቸውን ከዘውዱ ያነባል።

*ቀጥሎ፦ የሚያንቀሳቅስ።* ሙዚቃ ሲቆም ባለበት ደርቆ መቆም ለጠባብ ቤት ይመቻል። የወንበር ጨዋታም ጥሩ ነው፤ ግን ልጁን ሳይሆን ወንበሩን ብቻ አስወጡ። ወንበሩ እያነሰ ሲሄድ ልጆቹ እየተጨናነቁ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ በቀሩት ላይ ይቀመጡ። በተለመደው መንገድ ከሆነ መጀመሪያ የወጣው ልጅ ለ15 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ ያ ልጅ ደግሞ አንዳንዴ ባለልደቱ ራሱ ይሆናል። ግቢ ካላችሁ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ሥሩላቸው፣ ገመድ ዝላይም ጨምሩ።

አኩኩሉ ለግቢ ቤት እንጂ ለኮንዶሚኒየም አይሆንም። ልጅ የተሻለ መደበቂያ ፍለጋ ወደ ደረጃው፣ ወደ በረንዳውና ወደ ቁም ሣጥኑ ይሄዳል።

*ከኬኩ በኋላ፦ የሚያረጋጋ።* እንቆቅልሽ እዚህ ጋ ይገባል። «እንቆቅልሽ!»፣ «ምን አውቅልህ!» እየተባባሉ ተራ በተራ ይጠያየቃሉ። ያላወቀው አገር ይሰጣል፤ «ባሕር ዳርን ሰጠሁህ»፣ «አልፈልግም፣ ሐዋሳን ስጠኝ» እያሉ የሚከራከሩበት ክፍል ከእንቆቅልሹ ይበልጥ ያስቃቸዋል። አያት ካሉ «ተረት ተረት» ብለው ይጀምሩ፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ሩጫው በርዶ ወላጆች ሲመጡ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይገኛሉ፤ ጫማ ለማልበስም ይቀላል።

ሽልማት ካለ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ አንድ ስቲከር ይበቃል።

ደረጃ 9፦ በዕለቱ

7፡30፦ ባለልደቱ ምሳውን በልቶ፣ ለብሶ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይጠብቅ። ልብሱ የሚሮጥበት ይሁን። ለሩጫ የማይመች ቀሚስ ወይም ሱፍ ካለ ለፎቶ ለብሶ ከዚያ ይቀይር።

8፡00፦ በሩ ላይ የቆመው ሰው የሚመጣውን ልጅ ስምና የወላጁን ስልክ ይመዝግብ፤ ማን እንደሚወስደውም ይጠይቅ። ስጦታዎቹ መኝታ ቤት ይግቡ፤ በእያንዳንዱ ላይ የሰጪው ስም ይጻፍ። እንግዳ እያለ አይከፈቱም። ልጅ ያገኘውን ከሌላው ጋር እያወዳደረ «ይሄኛው ይሻላል» ይላል፤ ትንሽ ያመጣውም ያፍራል።

8፡30፦ ጨዋታ። የተጠሩት ሁሉ ባይመጡም ይጀመር።

8፡50፦ እጅ ታጥቦ ምግብ። ሳህኑ በኩሽና ተሞልቶ ይውጣ። ለልጆች ቡፌ አይዘረጋም፤ አንዱ ሰባት ሳምቡሳ ያነሣና ለሌላው አይደርስም።

9፡05፦ የቤተሰብ ፎቶ ከኬኩ ጋር፣ *ከመቆረሱ በፊት*። አያት፣ አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት ሁሉም አሁን ይነሡ። ይህ ክፍል ከኬኩ በኋላ ከሆነ እያንዳንዱ ዘመድ ለልጁ ሲያጎርስና ሲነሣ 15 ልጅ ቁራጩን እያየ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል።

9፡15፦ ሻማ። ልጁ ሲነፋ ምራቁ ኬኩ ላይ እንዳይፈናጠር ሻማውን በተለየ ትንሽ ቁራጭ ዳቦ ወይም ኬክ ላይ ብትተክሉት ጥሩ ነው፤ በተለይ ጉንፋን በሚበዛበት ጊዜ። ተዘምሮ፣ ሻማው ጠፍቶ፣ ልጁ የመጀመሪያውን ቁራጭ ከቆረጠ በኋላ ኬኩ ወደ ኩሽና ይወሰድ። ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። ልጆቹ ቀድመው፣ አዋቂዎቹ ኋላ ይሰጣቸው።

በዚህ መሐል ባለልደቱን «ጨፍር እስኪ»፣ «ሁሉንም ሳማቸው» እያላችሁ አታስጨንቁት። ብዙ ዓይን ሲያየው የሚደነግጥ ልጅ የሚያለቅሰው በዚህች ሰዓት ነው። ዋዜማውን ሻማ መንፋቱን አለማምዱት፤ ቢፈራ ደግሞ አብራችሁት ንፉ።

9፡40፦ ነፃ ጨዋታ፣ ከዚያ እንቆቅልሽና ተረት። የአዋቂዎቹም ቡና በዚህ ሰዓት ይቅረብ።

10፡15፦ ሙዚቃው ይቆማል፤ ከረጢቶቹ በሩ አጠገብ ይደረደራሉ። በየከረጢቱ አንድ እርሳስ፣ አንድ ስቲከር፣ አንድ ፍሬ ወይም ከረሜላ ይበቃል። ከረጢቱ የሚሰጠው ልጁ ጫማውን አድርጎ ወላጁ በር ላይ ሲደርስ ነው። ቀደም ብሎ ከተሰጠ ውስጡ ያለው ወለሉ ላይ ይበተናል፤ «አልሄድም» ለሚለው ልጅ ደግሞ መሸኛው እሱ ነው።

ልጅን ለማታውቁት ሰው አትስጡ። ሠራተኛ፣ ሾፌር ወይም ታላቅ ወንድም ከመጣ በወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ጥንቃቄዎች

*መታነቅ።* ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ጠንካራ ከረሜላ ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጡም፤ በቀላሉ የአየር ቧንቧ ይዘጋሉ። ችግሩ ታላላቆቹ ምንጣፍ ላይ የበተኑትን ታናሹ እያነሣ መብላቱ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች የሚመጡ ከሆነ ፈንዲሻውን ለቡናው ጥግ አድርጉና ለአዋቂዎች ብቻ አቅርቡ። ወይን ካለ ለትንንሾቹ በቁመቱ አራት ቦታ ይሰንጠቅ። ልጆች እየሮጡ አይብሉ።

ልጅ ታንቆ ማሳልም ማልቀስም ካቃተው፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሳችሁት በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፋችሁ መሠረት ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ እጃችሁን ከእምብርቱ በላይ አድርጋችሁ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጫኑ፤ እስኪወጣ አፈራርቁ። ከአንድ ዓመት በታች ያለው ሆዱ አይጫንም፤ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ፣ ገልብጣችሁ በሁለት ጣት ደረቱን መሐል 5 ጊዜ ነው። በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ጉሮሮ ውስጥ አትፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ቶሎ ካልወጣ ወይም ራሱን ከሳተ እርዳታ ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ 939።

*ፊኛ።* የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ወዲያው ይለቀም። ልጅ አፉ ውስጥ ይከተውና የጉሮሮውን ቅርጽ ይዞ ይዘጋበታል። ያልተነፋውንም እጃቸው አታስገቡ። በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ፊኛ በሂሊየም ከተሞላ አይቀጣጠልም፤ በሃይድሮጅን ከተሞላ ግን ሻማ ሲያገኘው በእሳት ይፈነዳል። በዓይን አይለዩም፤ ስለዚህ ከሻማና ከከሰል አርቁት።

*ከሰል።* ቡናው የሚፈላው ልጆቹ በሌሉበት ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ነው፤ መስኮት ተከፍቶ፣ አንድ ሰው ሳይነሣ አጠገቡ ተቀምጦ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ለሚሮጥ ልጅ ደግሞ ፍምና የፈላ ጀበና መሬት ላይ መኖሩ ብቻ አደጋ ነው።

*በረንዳና ደረጃ።* የበረንዳው በር ይቆለፍ፤ በረንዳው ላይ ወንበርም ሳጥንም አይቀመጥ። ቡናው እዚያ ከሆነ የሚያፈላው ሰው ጠባቂ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስሕተቶች

ሙዚቃውን ለአዋቂዎች ጆሮ መክፈት። ልጆቹ መሪውን አይሰሙም፤ ጨዋታውም እዚያው ያልቃል።

የአዋቂ መጠጥ ማቅረብ። ያኔ ዝግጅቱ ወደ ማታ ይገፋል፣ ልጆቹን የሚጠብቀውም ሰው ይቀንሳል። ዘመድ መጋበዝ ካለባችሁ ሌላ ቀን ጥሩ፤ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይምጡ።

ገንዘቡን ከዲኮር መጀመር። መጀመሪያ ኬክ፣ ምግብና ውሃ፣ ከዚያ የጨዋታ ዕቃ፣ የተረፈው ለዲኮር።

ሁሉንም ፎቶ ራስ ማንሣት። ስልኩን ለአንድ ሰው ስጡ። የሌሎችን ልጆች ፎቶ ደግሞ ወላጆቻቸውን ሳትጠይቁ ገጻችሁ ላይ አታውጡ።

የተረፈ ክሬም ኬክ ለነገ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ ከቆየ አይቀመጥም፤ ሳይቆይ ወደ ፍሪጅ የገባውን በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱት።

ዕድሜው ሲለይ

የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ልደት በእውነቱ የቤተሰብ ግብዣ ነው። እንቅልፉ የሚመጣበትን ሰዓት እወቁና ከነቃ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ መድቡ፤ ጠዋት ከ4፡00 እስከ 5፡30 ለብዙዎቹ ይስማማቸዋል። ጨዋታ መሪ አያስፈልግም፤ ንጹሕ ምንጣፍ፣ ጥቂት መጫወቻና ዳይፐር መቀየሪያ ቦታ ይበቃል። ከእቅፍ ወደ እቅፍ አታዟዙሩት።

የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ተራ መጠበቅ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ተሸናፊ ያለበትን ጨዋታ ሁሉ አውጡ፤ ሙዚቃ፣ ፊኛ መግፋትና ዘውድ መሥራት ግን አይቅሩ። ሁለት ሰዓት ይበቃቸዋል፤ ኬኩም በአንደኛው ሰዓት መጨረሻ ይሁን።

ከ8 እስከ 10 ዓመት ያሉት እቅዱን አብረዋችሁ ያውጡ። ቁጥሩን እናንተ ትወስናላችሁ፣ ስሙን እነሱ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙዎቹ ወንዶች ከዲኮር ይልቅ የተከራየ የኳስ ሜዳ ይመርጣሉ። ሴቶቹም ዘውድ መቀባቱን «የሕፃን ነው» ይላሉ፤ ዳቦውን ወይም ፒዛውን ራሳቸው አቡክተው ቢሠሩ ግን ሁለት ሰዓቱ ሳይታወቃቸው ያልፋል። ምድጃው ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።